የድሬዳዋ የሰፈር መድረኮች ታሪክ ሳይጻፍ እንዳይቀር

የአገራችን የቴአትር ታሪክ ሲነሣ ትረካው ከአዲስ አበባ እምብዛም አይወጣም፤ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሀገር ፍቅር ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይሻገርና እዚያው ያበቃል። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ማደጋቸው እንኳ ሲወሳ አይሰማም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የድሬዳዋ የሰፈር መድረክ ነው።

በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስባት የተቆረቆረችው ድሬ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ፣ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ሰብስባለች። በ1950ዎቹ የተነሣው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድንና ከእርሱ የወጣው ዓሊ ቢራ የዚህች ከተማ ፍሬዎች ናቸው፤ ሠርጉና የበዓሉ ድንኳን መድረክ ሆኗቸው ነበርና ታሪኩን በአዳራሽ ብቻ የሚለካ ሰው አያገኛቸውም።

በደርግ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ሙዚቃና ተውኔት የሚያቀርብ የኪነት ቡድን በየሰፈሩ ተስፋፋ። ብዙው ድርሰት የዘመቻ ቅስቀሳ እንደነበር አይካድም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ዘመኑን ዘልሎ ማለፍ ግን ስሕተት ይመስለኛል። የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ከእድር በውሰት የመጣ አግዳሚ ይደረደራል፣ አንሶላ መጋረጃ ይሆናል፣ የእናትነትን ሚና የምትጫወተው ልጅ የጎረቤቷን ነጠላ ትለብሳለች። በአማርኛ ለተጀመረ ንግግር በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ መልስ ቢሰጥ ተመልካቹ አስተርጓሚ ሳይጠብቅ እኩል ይስቃል፤ እንዲህ ያለውን ተመልካች የትኛውም ትልቅ ቴአትር ቤት በቀላሉ አያገኝም።

ይህ ሁሉ ያለው በሰዎች ትዝታ፣ በደብተር በተጻፉ ተውኔቶችና በየቤቱ በተቀመጡ ፎቶግራፎች ውስጥ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው የደቻቱ ጎርፍ፣ ከቀጠፈው የብዙ ሰው ሕይወት ሌላ፣ ቤት ከነንብረቱ ጠርጎ መሄዱን ላየ ከተማ የወረቀት ዕድሜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ የአስተዳደሩ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በጋራ፣ ለሐውልትና ለበዓል ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሰው፣ በዚያ ዘመን የተወኑትንና መድረክ ያዘጋጁትን ሰዎች በየራሳቸው ቋንቋ ድምፃቸውን ይቅዱ፤ ደብተሩንም ከባለቤቱ ሳይነጥቁ ፎቶ አንሥተው ይመልሱ። ሥራው ከገንደ ቆሬና ከቀፊራ ሰፈሮች ቢጀመር እመርጣለሁ፤ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ስለሆነው ከዚራ ቢያንስ የባቡሩ መዝገብ አለ።