ማስተካከያ፦ የሚላኑ «ኦ ቤይ! ኦ ቤይ!» ገበያ እስከ ገና አይቆይም

ባለፈው ስለ ሚላን የገና ገበያ ስጽፍ «ኦ ቤይ! ኦ ቤይ!» እስከ ዲሴምበር 25 ይቆያል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ከልብ ይቅርታ። ገበያው የሚቆመው የከተማዋ ጠባቂ የቅዱስ አምብሮዝ በዓል በሚውልበት በዲሴምበር 7 ሰሞን ነው፤ ያውም ለጥቂት ቀናት ብቻ። በገና ሳምንት ብትሄዱ ድንኳኖቹ ተነስተው ነው የሚጠብቋችሁ።

ቦታውንም አሳስቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ገበያው ያለው በቅዱስ አምብሮዝ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሳይሆን ካስቴሎ ስፎርዜስኮ በሚባለው የሚላን ጥንታዊ ግንብ ዙሪያ ነው። በቀዩ የሜትሮ መስመር ሄዳችሁ ካይሮሊ ጣቢያ ውረዱ።

ስለ ምግቡ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። በክር ተሰክቶ እንደ መቁጠሪያ የሚንጠለጠለው፣ ጭስ ጭስ የሚለው ካስታኛ (ለውዝ መሰል የዛፍ ፍሬ) እንዳያመልጣችሁ!

በገና ሳምንት ለምትጓዙ የሰሜን ጣሊያኗ ከተማ ቦልዛኖ ትሻላችኋለች። የዋልተር አደባባይ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጃንዋሪ 6 ይዘልቃል፤ ዲሴምበር 25 ግን ዝግ ነው።