ለተቀመጠ ሰው ሰማይ ቅርቡ ነው

ዛሬ የማወድሰው የሶፋውን አሰልጣኝ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ደጋፊውን። እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን የዶሮ ክንፍ ሳህን ውስጥ ከትቶ፣ ፊልድ ጎል (ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ለግቶ የሚገኝ ሦስት ነጥብ) በሳተው ኪከር፣ ማለትም በለጊው ተጫዋች ላይ «ኧረ ይቺንማ እኔም አገባት ነበር!» የሚለውን። እንደሱ ያለ ፍርድ አዋቂ ከየት ይመጣል?

ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ኪከሩ አብዛኛውን ዳር ቆሞ መረብ ላይ እየለጋ እግሩን ሲያሞቅ ይውላል። ሲጠራ ይገባል። ኳሷ ወደ ኋላ ትወረወራለች፣ አንዱ ተቀብሎ መሬት ላይ ያቆማታል፣ እሱ ይለጋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ግድግዳ የሚያህሉ ተከላካዮች እጃቸውን ዘርግተው እየመጡበት። ታዲያ ጥፋት የሚሸከም ሰው ሲፈለግ ከሱ የተሻለ አለ? ኳርተርባኩ፣ ማጥቃቱን የሚመራው ኮከብ፣ አይነካም፤ ማሊያውን ቤተሰቡ በሙሉ ለብሶታል። የኪከር ማሊያ ማን ይገዛል?

እ.ኤ.አ. በ1998 የሚኒሶታው ጋሪ አንደርሰን በመደበኛው ውድድር 35 ፊልድ ጎል ሞክሮ 35ቱንም አገባ። ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለማለፍ ከአትላንታ ጋር ሲጫወቱ ግን 40 ያርድ ከማይሞላ ርቀት አንዷን ሳተ። በዚያ ዓመት 556 ነጥብ አስቆጥሮ ሪከርድ የሰበረ ቡድን፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ማጥቃቱን ትቶ፣ ሰዓቱ እንዲያልቅ ኳሷን ይዞ ተንበርክኮ ወደ ጭማሪ ሰዓት መሄዱ ትዝ የሚለው ስንቱ ነው? ያ የአሰልጣኙ ውሳኔ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የቡፋሎው ስኮት ኖርውድ በሱፐር ቦውል መጨረሻ ላይ ከ47 ያርድ ለግቶ በቀኝ ወጣበት። ተጋጣሚው ጃያንትስ 20 ለ19 አሸነፈ። ጃያንትስ በዚያ ጨዋታ ኳሷን ከ40 ደቂቃ በላይ ይዟት ነበር። የቡፋሎ ተከላካዮች ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠሩ ነበር ብሎ መጠየቅ ግን የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ደንቡ። ያሳፈሩን የቡፋሎ ሰዎች ናቸው። በማግስቱ አደባባይ ወጥተው ኖርውድን በስሙ እየጠሩ አጨበጨቡለት! ምን ዓይነት ደጋፊ ነው ይሄ?

ደግነቱ ቺካጎ አለች። እ.ኤ.አ. ጥር 2019፣ የከተማዋ ስታዲየም ሶልጀር ፊልድ። የቺካጎው ቤርስ በፊላዴልፊያው ኢግልስ 16 ለ15 እየተመራ ነው፤ የቀረው 10 ሰከንድ ነው። የቤርሱ ኪከር ኮዲ ፓርኪ ከ43 ያርድ ለጋና አገባ። አልተቆጠረም፤ የኢግልስ አሰልጣኝ ልክ ከመለጋቱ በፊት ታይም አውት ጠርቶ ጨዋታውን አስቁሟል። እንደገና ለጋ። ኳሷ የግራውን ቋሚ መታች፣ ወርዳ አግዳሚውን መታች፣ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ስታዲየሙ በጩኸት ሸኘው። ኳሷን መጀመሪያ የኢግልስ ተጫዋች በጣቱ ነክቷት እንደነበር በኋላ ታወቀ፤ ሊጉም መዝገቡን «የታገደ» ብሎ አረመ። ይሁን እንጂ በጣት የተነካ ኳስ ለሶፋው ዳኛ ማስረጃ አይሆንም። ከቤርስ 15 ነጥቦች ውስጥ 9ኙን ያስቆጠረው ራሱ ፓርኪ መሆኑም እንዲሁ። (ልደብቅ አልፈልግም፣ ቀደም ብሎ በኅዳር ከዲትሮይት ጋር በአንድ ጨዋታ ብቻ ቋሚውን አራቴ መትቷል። ሶፋውም አልፎ አልፎ ይሳካለታል።) ብዙም ሳይቆይ ክለቡ አሰናበተው።

ነገሩን ያበላሸው አንድ የቺካጎ ቢራ ጠማቂ ነው። በሳምንቱ መንገድ ላይ ቋሚና አግዳሚ ተክሎ፣ ቀላል ነው የሚል ይምጣና ከ43 ያርድ ይሞክር፣ ላገባ ሽልማት አለው አለ። ወደ መቶ የሚጠጉ ደጋፊዎች መጡ። የሚሮጥባቸው ተከላካይ የለም። የሚጮህባቸው ስታዲየም የለም። ታይም አውት የሚጠራ አሰልጣኝም የለም። አንዱ ይንሸራተታል፣ የሌላው ኳስ መሬት ለመሬት ይንከባለላል። ያገባ ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በረዶ እየጣለ ነበር፣ መሬቱ ያንሸራትታል፣ ሰዎቹም ሳያሟሙቁ ነው የገቡት። ደግሞ የሰውን ልጅ በአንድ ምት ብቻ እንዴት ይፈርዱበታል?