አብሽር፣ ምንም አልሆንክም!

ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሐኪም አያስፈልገውም፤ ትራፊክ ፖሊስም አያስፈልገውም። መኪና ገጭቶ አስፋልት ላይ ሲዘርረው ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ሽማግሌውም፣ መካኒኩም ከየሱቁ በረንዳ ይፈልቁለታል። ይህን በረከት ባለፈው ቅዳሜ በገዛ ጎድኔ ስላረጋገጥኩ፣ ምስጋናዬን ሳላደርስ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

ደሴዎች እንደሚቀኑብን አውቃለሁ። እነሱ ብስክሌት ቢኖራቸውም የጦሳን ሥር ዳገት እየገፉት እንጂ እየነዱት አይወጡም፤ እየገፋ የሚገጭ ደግሞ ብዙ አይደለም። እኛ ሜዳውን ታድለናል። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርደው ተሳቢ፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ፍየሉና እኔ አንዱን አስፋልት ተካፍለን እንኖራለን። ቅዳሜ የእኔን ድርሻ አንድ ፒካፕ ወሰደው። ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ አለቀ።

ገና ሰማዩን እያየሁ ሳለ ሁለት እጆች በብብቴ ገቡ። «ተነስ ወንድሜ፣ አብሽር፣ ምንም አልሆንክም!» አንገትህ ይዞራል ወይ፣ ጀርባህን ያምሃል ወይ ያለኝ የለም። የወደቀን ሰው ሳያንቀሳቅሱ ሐኪም መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ነው። አንዱ አናቴ ላይ ውሃ ቸለሰ። ሌላው እግሬን ሳብ፣ ጠምዘዝ አደረገው፤ አጎቱ ወጌሻ ናቸው አሉ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ፊቴን ቀረጸኝ፣ ዞሮ በሌላ በኩል ቀረጸኝ። የመኪናውን ሰሌዳ ግን አልቀረጸም። ሰሌዳ ምን ያምራል?

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ጎልማሳ ነው። በሰው መሀል ሰንጥቆ መጣና ጎንበስ ብሎ «ወይኔ!» አለ። ልቤ ተነካ። ለካ ብስክሌቱን ነው። አነሳት። የፊት ጎማዋን አሽከረከረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ቸርኬው ጠመም ብሏል» አለ። ካቴናውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ካልተነዳ አይታወቅም» ብሎ ወጣባት። እስከ መታጠፊያው ሄዶ ተመለሰ። ኮርቻው ከፍ አለብኝ አለ፤ ለእኔ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው የጠፋበት ሕዝብ ለእሱ በግማሽ ደቂቃ ቁልፍ አመጣለት። ዝቅ ተደረገለት። እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ዙር አንድ ሕፃን ከኋላ ጫነ፣ ከነጭነቷ እንዴት እንደሆነች ለማየት። ደወሏን ሲያቃጭል ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለለት፤ ለእኔ ትንፋሽ የከለከለ ያው ሕዝብ ነው።

እሱ በሌለበት ደግሞ ክርክር ተነሳ። አንዱ አዛውንት ብረቷ የድሮ ነው፣ የአሁኑ ቆርቆሮ ነው አሉ። ሌላው በጉርምስናቸው ፍሬን የሌላት ብስክሌት ይዘው ሐረጎን እንዴት ቁልቁል እንደወረዱት ማውራት ጀመሩ። ጫማቸውን ጎማው ላይ እየረገጡ ነበር ፍሬን የሚይዙት። እኔም ጎኔን ይዤ አዳመጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ ጥሩ ታሪክ ነበር። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ስንት ገዛሃት?» አለኝ። ነገርኩት። «ውይ! ተበልተሃል!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። በዚያ ቀን ከልብ የታዘነልኝ ያኔ ብቻ ነው።

ችሎቱ የተሰየመው ቀጥሎ ነው። የወሎ አበጋሮች ደም ያቃባን ጠብ ለማብረድ ሁለቱን ወገን ሰምተው፣ ዱአ አድርገው፣ ተመላልሰው ነው። የእኛዎቹ የአስፋልት ዳር አበጋሮች ከኋላ የቆመው ተሳቢ ሁለቴ ጡሩንባ እስኪነፋ ጨርሰዋል። «አንተም እኮ ጠርዝ ይዘህ ብትሄድ።» «እሱም የልጆች አባት ነው።» «ከነነፍስህ ተርፈሃል፣ አልሐምዱሊላህ በል።» ሹፌሩ ደንግጧል ተብሎ ለስላሳ ተገዛለት። ለእኔ 500 ብር ተወሰነልኝ፣ ለቸርኬው። ለጎድኔ የተባለ ነገር የለም፣ ጎድን አይታይም። ጉንጩን ሳመው አሉኝ። ሳምኩት። ሄደ።

በእኔ ጎድን ላይ ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን ማን ሰጣችሁ? የምታለቅሱለት የሹፌሩ ልጆች እንጀራ እኮ አይነካም! መኪና ያለ 3ኛ ወገን መድን መንገድ ላይ አይወጣም የሚለው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የወጣው ለዚህ ነው፤ ሲወጣም ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና ብቻ እስከ 2,000 ብር መድቦ ነው። ገጪው ቢያመልጥ፣ መድን ባይኖረው እንኳ ተጎጂውን የሚክስ ፈንድ አለ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ይህ ሁሉ ግን የፖሊስ ማስረጃ፣ ገጪው ካላመለጠም የሰሌዳ ቁጥር ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናውን ሸኝታችሁ፣ ብስክሌቱን አንስታችሁ፣ የፈሰሰውን ደም በውሃ አጥባችሁ ትጠብቃላችሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደህና ነኝ ብሎ በእግሩ ቤቱ ይገባና ማታ ሊያስመልሰው፣ ሊያፈዝዘው ይችላል። በዚያ ሰዓት «ምንም አልሆንክም» ያለውን ሐኪም የትኛው በረንዳ ላይ ሄደን እንቀስቅሰው? ፒካፑንስ?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ሕዝቡ ተበተነ። እኔ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር የሚወጋኝን ጎን እየቆጠርኩ ሳለ ባለ ጃኬቱ ጎልማሳ ከአራተኛው ዙር ተመለሰ። ወረደ፣ ላቡን ጠረገ፣ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደ አባት በአክብሮት መከረኝ።

«ፍሬኗ ይይዛል። መሪዋ ግን ወደ ግራ ይስባል። ተጠንቀቅ፣ ሰው እንዳትገጭ።»