ውዳሴ ጭስ

ዓይኑ እያነባ፣ ጉሮሮውን እየከረከረው፣ በእጁ ክብሪት ይዞ “ኧረ ይሄን ጭስ ያመጣብን ማን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ምን ይባላል? እኔ ጀግና እለዋለሁ። ብዕሬን ያነሳሁትም ለዚሁ ነው፤ የ1940ዎቹንና የ1950ዎቹን የሎስ አንጀለስ ሕዝብ ላወድስ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ የቆጠርኩት ጭሱም የእነሱ ስለሆነ ነው።)

ነገሩ ገኖ የወጣው ሰኞ፣ ጁላይ 26 ቀን 1943 ነው። ጊዜው የጦርነት ነው፤ ከተማዋ ሌት ተቀን አውሮፕላንና መርከብ ትሠራለች። በጠራራ ፀሐይ መሀል ከተማው ላይ ጉም መሳይ ነገር ዱብ አለ። ከሦስት መንገድ ወዲያ አይታይም። ዓይን ይለበልባል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ሀብታም ደሃ ሳይባል ሁሉም ያነባል፤ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ቤት በሉት። ሌላ አገር ቢሆን ሕዝቡ ግራ ይጋባ ነበር። ሎስ አንጀለስ ግን አጥፊውን እዚያው በእንባው ውስጥ አየው፤ ጃፓን! መርዝ ጋዝ ለቀቀብን ተባለ። ቶኪዮ ከዚያ ከስምንት ሺህ ኪሎሜትር በላይ ትርቃለች፤ ዳሩ ግን ጥፋተኛ ሲፈለግ ርቀት አይከብድም፤ እንዲያውም የሩቅ ጥፋተኛ ይሻላል፤ ከደጃፍህ መጥቶ አይከራከርህም።

ጃፓን ከክሱ ነፃ ስትወጣ ቀጠሮው ለቅርብ ሰው ሆነ። አሊሶ ጎዳና ላይ ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ቡታዳይን የሚባል ኬሚካል የሚያመርት ፋብሪካ ነበረ። “አገኘነው!” ተባለ፤ ጩኸት በረታ፤ ፋብሪካው ለጊዜው ተዘጋ። ጭሱ ግን መዘጋቱን አልሰማም መሰለኝ፣ መምጣቱን ቀጠለ። ከንቲባው ፍሌቸር ባውረን በበኩላቸው በአራት ወር ውስጥ ድራሹ ይጠፋል ብለው ቃል ገቡ። ቀኑን አልቆጠሩም የሚል ካለ ስማቸውን እያጠፋ ነው። እንደኔ እንደኔ እያንዳንዱ ወር አስር ዓመት ገደማ ይሆን ነበር፣ እንጂ ስሌቱስ ልክ ነው።

ፈረንጅ ጭስንና ጉምን አጋብቶ ልጃቸውን “ስሞግ” ብሎታል። በእኛ “ጭጉም” ብንለው ያምርበታል። ጭጉም ደግሞ ቤቱን አሳምሮ የመረጠ ፍጥረት ነው። ሎስ አንጀለስ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው የሳን ጋብርኤል ተራሮች ናቸው፤ ከላይ ሞቃት አየር ይረጋባትና ልክ እንደ አክንባሎ ይከደንባታል። ከታች የተጫረው ሁሉ መውጫ አጥቶ እዚያው ይንተከተካል። ለስፔን ይቀዝፍ የነበረው ካብሪዮ በ1542 በዚያ ሲያልፍ የአገሬውን እሳት ጭስ ተኝቶ አይቶ ቦታውን የጭስ ባሕረ ሰላጤ ብሎት ነበር። እንግዲህ ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ መንገደኛ ከመርከቡ ሳይወርድ የገባውን ነገር ነዋሪው እስኪገባው የወሰደበትን ጊዜ ስታዩ፣ ትዕግስት ማለት ምን እንደሆነ ትማራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ተመስጋኝ ልምጣ፤ ወደ ጓሮ ምድጃው።

የተከራየሁት ቤት ጓሮ ውስጥ አንዱ ዛሬም ቆሟል። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ወፍራም ሲሚንቶ ነው፤ ከላይ አጭር አንገት የመሰለች ጭስ ማውጫ አለችው። ሆዱ ላይ የብረት በር አለ፤ ማጠፊያው ስለዛገ ስትከፍተው እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። አከራዩ አናቱ ላይ ሬት ተክሎበታል። አንድ ቀን እጄን ሰድጄ ስፈትሽ ታች ጥግ ላይ እንደ ድንጋይ የደረቀ አመድና አንድ የተጣመመ የቆርቆሮ ክዳን አገኘሁ። ከስልሳ ዓመት በላይ የተዳፈነ ምድጃ! ይህን የመሰለ በግምት 1.5 ሚሊዮን ምድጃ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ (አውራጃ በሉት) ጓሮዎች ተተክሎ ነበር። በ1950 የካውንቲው ሕዝብ አራት ሚሊዮን ከመቶ ሃምሳ ሺህ ገደማ ነው፤ አካፍሉት፤ ለሦስት ሰው አንድ ምድጃ ደርሶ ይተርፋል። ፍትሐዊ ክፍፍል ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት አመጣለሁ?

አሠራሩም የሰለጠነ ነው። የምግብ ትራፊ ለብቻ ይሰበሰባል፤ ቆርቆሮ ለብቻ። ወረቀቱ፣ ካርቶኑ፣ የወተት ዕቃው፣ የሣር ቁርጥራጩ፣ በአጭሩ የሚነድ ነገር ሁሉ የባለቤቱ ጣጣ ነውና ጓሮ ይወሰዳል፤ ክብሪት ይጫራል፤ ይሄዳል። የት? ወደ ላይ። ላይ ማን አለ? ማንም። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ፤ ቆሻሻህን ጎረቤት አጥር ላይ ብትጥለው ፖሊስ ይመጣብሃል፤ አቃጥለህ ሳንባው ውስጥ ብትጥልለት ግን ንፁህ ዜጋ ነህ።

አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ሰማንያን ያለፉ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉትም እዚያው ቤት ነው። ልጅ ሳሉ የማታ ሥራቸው ወረቀት ማቃጠል እንደነበረ አጫውተውኛል። “እናቴ መጀመሪያ ወጥታ የታጠበውን ልብስ ከገመድ ትሰበስባለች። የመጨረሻው አንሶላ ቤት ሲገባ ‘በይ ለኩሺው’ ትለኛለች” አሉኝ። የጎረቤትስ ልብስ? አልኳቸው። እንደዚያ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟቸው የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ትንሽ አሰቡና “የጎረቤታችን ልብስማ ሁልጊዜ እንደጠቆረ ነበር” አሉኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብለን ስንተርት የነበርን ሰዎች እንፈር፤ ይህቺኛዋ የራሷን መጀመሪያ አውጥታ ነው የሰውን ያሳረረችው።

ሕዝቡ ዝም ብሎ እያቃጠለ ተቀመጠ ማለቴ አይደለም። ኧረ በጣም ተንቀሳቅሷል! ባቡሩን ከሰሰ፣ የነዳጅ ማጣሪያዎችን ከሰሰ፣ የብረት ማቅለጫዎችን ከሰሰ፣ የቆሻሻ መጣያዎችን ከሰሰ። በ1947 የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ ኧርል ዋረን የአየር ብክለት ሕግ ፈረሙ፤ ካውንቲውም መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ማጣሪያዎቹም ቅሬታ አላቸው፤ ለምን እኛ ብቻ፣ ጓሮውን አታዩም ወይ ይላሉ። ጓሮው ለምን እኔ፣ ማጣሪያውን አታዩም ወይ ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም ያጨሳሉ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሴንት ሉዊስ የምትባለውን ከተማ ከከሰል ጭስ የገላገለው ሬይመንድ ተከር በአንድ ጋዜጣ ተጋብዞ መጥቶ የመፍትሔ ዝርዝር ሰጥቶ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ የጓሮ ማቃጠል ይቅር የሚልም ነበረበት። ሕዝቡ ጋዜጣውን አነበበ፤ አመሰገነ፤ ማታ ወስዶ አቃጠለው። (የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ፤ ጋዜጣ ሌላ የት ይሄዳል?)

የሐሳብ ድርቀትም አልነበረባቸውም። ከተራራው ወዲያ የሚነፋ ግዙፍ ማራገቢያ ይተከል ያሉ ነበሩ። ተራራውን በስተን ጭሱን ወደ በረሃው እናሹልከው ያሉም ነበሩ። የሳን ጋብርኤልን ተራሮች አስቡ፤ ጫፋቸው ከሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል። ይህን አለት መብሳት ቀላል ሆኖ የታየው ሕዝብ ነው እንግዲህ ክብሪቱን ኪሱ መመለስ የከበደው። እኔ በበኩሌ ማራገቢያው ባለመሠራቱ እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ ከበረሃው ማዶ ያሉት ሰዎች “ይሄን ያመጣብን ማን ነው?” ሲሉ መስማት እፈልግ ነበር።

መቼም በእንዲህ ያለ ጨዋ ከተማ መሀል ነገር የሚያበላሽ አንድ ሰው አይጠፋም። ፓሳዴና በሚገኘው የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ አሪ ሃገን ስሚት የሚባል ሆላንድ የተወለደ ኬሚስት ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? አናናስ የአናናስ ጣዕም የሚሰጠው ምን እንደሆነ መመራመር። አርፎ አናናሱን ቢያሸት ምን ነበረበት! የከተማውን አየር በዚያው መሣሪያ አሳልፎ አቀዝቅዞ ሲያጠራቅመው ቡናማ፣ የሚሸት ፈሳሽ ወጣው። ከዚያ ነገሩን ተከታትሎ በ1952 አወጣው፤ ከመኪና ጭስና ከማጣሪያዎች የሚወጣው ትነት ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ነው ኦዞን የሚሆነው፣ ዓይን የሚለበልበው። ጎማም ይሰነጥቃል፤ ሰውዬው የአየሩን ክፋት የሚለካው ጎማ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚሰነጠቅ እያየ ነበር። መኪናው በአፉ የተፋው መልሶ እግሩን ይሰነጥቃል ማለት ነው። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ሌላ ተመራማሪ ቀጥረው አይደለም አስባሉ።

ጃፓንን መክሰስ ምንም አይደል፤ ጎማ ፋብሪካም ይከሰስ፤ መኪና ግን? ስድብ ነው! የካውንቲው ምክር ቤት አባል ኬኔት ሃን በ1953 ለፎርድ ኩባንያ ደብዳቤ ጽፈው፣ ስለ ጭሱ ምን እያደረጋችሁ ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ በትህትና መጣ፤ ሞተር ጋዝ እንደሚያወጣ መሐንዲሶቻችን ያውቃሉ፣ ነገር ግን አየር ላይ ቶሎ ስለሚበተን ችግር አይፈጥርም። የአሮጊቷ እናት ፎርድ ኩባንያ ብትቀጠር ትልቅ ቦታ ትደርስ ነበር፤ መርሁ አንድ ነው፤ አንሶላህ ቤት ከገባ ጭስ የለም።

ኦክቶበር 1954 ጭጉሙ ለሳምንታት አልነሳም አለ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ሃይላንድ ፓርክ ውስጥ “ኦፕቲሚስት ክለብ” የሚባል ማኅበር ነበረ፤ በእኛ አጠራር የባለ ብሩህ ተስፋዎች ዕድር በሉት። አባላቱ ለእራት ግብዣ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ የጋዝ ጭምብል አጥልቀው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተነሱት የሚባለው ፎቶ ዛሬም አለ። ተስፋቸው ብሩህ ነው፣ አየሩ ነው እንጂ። ሹካው በየት በኩል ይገባ እንደነበር ሳሰላስል እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ። ወደ ግብዣው በእግሩ የመጣ ስንት ነው ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ በሰው ደስታ አትግቡ።

በመጨረሻ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 1957 ጀምሮ የጓሮ ምድጃ ተከለከለ። ከተከር ምክር በኋላ አስር ዓመት! ምድጃ ሠሪዎቹ እሪ ብለው ነበር፤ ባለ ጓሮውም መብቱ የተነካ መሰለው። የሚነደው ቆሻሻ በመኪና ይሰበሰብ ጀመር፤ የቆርቆሮው ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ መሆኑም ቀጠለ። ያቺ ቆርቆሮ ከሌላው የመለየት ድካም ደግሞ የሕዝቡን ወገብ ቆረጠችው። ሳም ዮርቲ የሚባሉ ፖለቲከኛ ይህን አይተው፣ ምረጡኝና የቤት እመቤቶችን ከቆሻሻ መለየት እገላግላለሁ አሉ፤ በ1961 ከንቲባ ሆኑ። ጭሱን አጠፋለሁ ያሉትን ከንቲባ ጭስ ሲያሳፍራቸው፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጣሉት ያሉት ወንበሩ ላይ ጉብ አሉ። ሕዝብ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ድሮም አይወድቅም።

የእኛ ሰው ያኔ አልነበረም፤ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈራችን “ትንሿ ኢትዮጵያ” ተብሎ በከተማው የተሰየመው በ2002 ነው። ቢዘገይም ግን የአገሩን ወግ ለመልመድ አልሰነፈም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ሆነን ቡና ልንጠጣ ተቀጣጠርን። አምስታችንም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የተነሳነው፤ አምስት መኪና ይዘን ደረስን። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማቆሚያ ስንዞር አለቀ። ሁለተኛውን ግማሽ ሰዓት “ይሄ ሁሉ መኪና ከየት ነው የሚመጣው? አየሩስ ቢሆን ሰው ይኖርበታል?” ስንባባል አሳለፍነው። አቦሉን የጠጣነው በጥሩ ስምምነት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤት ስወጣ አሮጊቷ አጥሩ ጋ ቆመው ጽጌረዳ ያጠጡ ነበር። ስለ ምድጃው እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ 1.5 ሚሊዮን እንደነበረም ጨመርኩላቸው። ውሃውን አቁመው በጣም አዘኑ። “ወይ ጉድ! እኔ እኮ እላለሁ፣ ያ ሁሉ ጭስ ከየት ነበር የሚመጣው!” አሉ። ከዚያ በጎማ ቱቦው ወደ እኔ ጓሮ እያመለከቱኝ፣ “ያን ያህል ትልቅ ሠርተው… የእኛማ ትንሽ ነበር” አሉኝ።

ልክ ናቸው ብዬ ተሰናብቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። የእኔማ አራት ሲሊንደር ናት።