ይድረስ ለክቡር የአቋም ማጥሪያ ፎርም

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከቅዳሜው ውርደት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ላያስታውሱኝ ይችላሉ። በዚያ ቀን የሞላንዎት ብዙ ነን። ጥያቄ 23 ላይ ሁለቱንም ሳጥን ትቶ ዳር ላይ «በከፊል» ብሎ የጻፈው ሰውዬ እኔ ነኝ። አሁን አስታወሱኝ? ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ የሚጠራኝ በዚሁ ስም ነው።

የአካባቢ ምርጫው 12 ቀን ሲቀረው ነው። ለፓርቲው ቤት ለቤት የምንቀሰቅስ ሰዎች ጠዋት አዳራሽ ተጠራን። በራሪ ወረቀት ሊታደለን ነው ብዬ ሁለት ባዶ ከረጢትና የድምፅ ማጉያዬን ይዤ ሄድኩ። የታደልነው እርስዎን ነው። አራት ገጽ፣ 40 ጥያቄ፣ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሳጥኖች። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። ፎርም እንዴት እንደሆነ መቼም ለማንም አይነገርም።

አንድ በአንድ አነበብኩዎት። ስለሚደፈነው ቦይ ጥያቄ የለም። ስለ ጠፋው የመንገድ መብራት የለም። ቆሻሻ በሳምንት ስንት ጊዜ ይነሳ? እሱም የለም። «የፓርቲውን መስመር ያለ ብዥታ ትቀበላለህ?» አለ። አዎ። «ከመስመሩ ያፈነገጡትን ታወግዛለህ?» አለ። አዎ። (አሁን ሳስበው ያኔ ያወገዝኩት ራሴን ሳይሆን አይቀርም።) «ከተፎካካሪ ፓርቲ እጩ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠህ ታውቃለህ?» ሰውየው ጎረቤቴ ነው፣ አጥር እንዋሰናለን። «አይ» ብዬ ዋሸሁ። ለውሸቴ ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ከዚያ 23 መጣ። «አመራሩ እስካሁን ያሳለፋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትክክል ናቸው?»

እጄ ቆመ። ባለፈው ምርጫ የድምፅ መስጫው ቀን ተሳስቶ የታተመበትን በራሪ ወረቀት «ጊዜ የለም፣ እንዳለ ይታደል» ያለው አመራሩ ነው። በየደጁ ቆሜ ቀኑን በእስክሪብቶ ያረምኩት እኔ ነኝ። ሦስት እስክሪብቶ ጨርሻለሁ። ያንን ትክክል ነው ብል አራተኛው እስክሪብቶ ይታዘበኛል። ስለዚህ «በከፊል» አልኩ። ላላግጥ አልነበረም። እንዲያውም ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ኋለኛው ክፍል ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። መሃል የተቀመጠውን ልጅ ወደ ፓርቲው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማመልከቻው ላይ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብዬ ፈርሜለታለሁ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ወንድማችን፣ በከፊል ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ከፊሉ ትክክል ነው ማለቴ ነው።»

«ከፊሉስ?»

«ከፊሉማ በራሪ ወረቀቱ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ ያዡ «በራሪ ወረቀት» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ቀጥሎ እኔው ፊት ስለ እኔ ይከራከሩ ጀመር። ልጁ «አድርባይነት ነው» አለ። አጠገቡ ያለችው «አይደለም፣ የለየለት ክለሳ ነው» አለች። እጅ ወጣ። አድርባይነት ሁለት ለአንድ አሸነፈ። በዚህ ምርጫ እስካሁን ፓርቲያችን ቆጥሮ የጨረሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ይሄም ባልከፋ። ወደ አዳራሹ መልሰው አቆሙን። የጠሩት በቀኝ፣ ያልጠሩት በግራ። ግራ ላይ ሦስት ነን። የአንዷ ጥፋት ጥያቄ 31ን ባዶ መተዋ ነው። እሷ በደረሳት ቅጂ ላይ 31 ቀለሙ ፈዞ ጭራሽ አልወጣም። ሌላው ለ40ውም «አዎ» ስላለ «ሳያነብ ፈርሟል» ተብሎ ነው። የፓርቲው አርማ የተለጠፈበትን ሰደርያ አወለቅን። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን አምጣ ተባልኩ።

«የራሴ ነው» አልኩ። «በገንዘቤ የገዛሁት።»

«ጉዳይህ እስኪጣራ በፓርቲው እጅ ይቆያል።»

ሰጠሁ። ምን ላድርግ? ልጁ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክረው ከፈተው። አጠገቤ ቆሞ፣ በገዛ ማጉያዬ፣ «በከፊል! ወደ ግራ ጠጋ!» አለ።

ያን ጊዜ ሳቁ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የዘር ሐረግዎን ቆጠርኩ። ለካ የትልቅ ቤት ልጅ ነዎት። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ጃኮቢኖች የሚባሉት አክራሪ አብዮተኞች ክበብ አባላቱን ሲያጣራ፣ ዱቧ ክራንሴ የሚባል ሰው «ፀረ አብዮቱ ቢያሸንፍ የሚያሰቅልህ ምን ሠርተሃል?» የሚል ጥያቄ ይቅረብላቸው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1794 እሱንም ከክበቡ አባረሩት። በ1903 ደግሞ የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቶች «አባል ማለት ማን ነው?» በምትል አንዲት አንቀጽ ተካረሩ። ከመሪዎቹ የአንዱ፣ የማርቶቭ፣ አጻጻፍ የሌላውን፣ የሌኒንን፣ 28 ለ22 ረታው። ቆይቶ አንዳንድ ጉባኤተኞች ረግጠው ሲወጡ ግን «ቦልሼቪክ»፣ ማለትም ብዙኃኑ፣ የሚለውን ስም ይዘው የሄዱት የሌኒን ሰዎች ናቸው።

የአሜሪካኖቹ ግን እኔን ነካኝ። በ2009 በኒው ዮርክ 23ኛው የምርጫ ክልል ለኮንግረስ ወንበር የቀረበችውን የሪፐብሊካኖቹን እጩ፣ ዲዲ ስኮዛፋቫን፣ የገዛ ወገኖቿ «ያልጠራች ናት» ብለው ለሌላ ሰው ቀሰቀሱ። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ትታው ወጣች። በማግስቱም ድጋፏን ለዴሞክራቱ ሰጠች፤ ወንበሩንም የወሰደው እሱ ነው። ከዚህ የተማሩትን ይገምቱ። ምርጫው በተካሄደበት ወር ጄምስ ቦፕ የሚባሉ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው 10 ነጥብ ያለው ማጥሪያ አቀረቡ። ከአሥሩ በሦስት ያልተስማማ እጩ ድጋፍም ገንዘብም እንዳያገኝ። እነሱ እንኳ በጥር 2010 ሲሰበሰቡ አለዘቡት። ደግሞስ ሁለት ቢስት ያልፍ ነበር እኮ! ከአሥር ስምንት! እኔ ከ40 አንዷን፣ እሷንም እውነቱን የጻፍኩባትን ስቼ ነው የወደቅሁት።

ሰኞ ዕለት በግራ የቆሙት የየአዳራሹ ሰዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ስብሰባ ጠሩ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሩ ላይ ማን ጠበቀኝ? እርስዎ። አርማውን ቀይረዋል እንጂ ያው ነዎት፣ ፎቶ ኮፒው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ እንኳ አልጠፋችም። ጥያቄ 23 ብቻ ተሻሽላለች። «አመራሩ እስካሁን ያሳለፋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ስህተት ናቸው?»

ምን ብዬ እንደጻፍኩ ያውቃሉ። እዚያም ወደ ግራ ጠጋ አሉኝ።

ሌላውን ቂም ላሳጥረው። የአባላቱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያ ጎረቤቴ ስለ ውኃ መቋረጥ የጻፈውን ስላጋራሁ ከግሩፑ ተባርሬያለሁ። የእጩ ምርጫ ስብሰባ በእርስዎ የጥያቄዎች ቅደም ተከተል ክርክር ተበልቶ ያደረበትም ቀን ነበር። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አንቱታው ይቅር፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ከቦዩ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃ ቤታቸው ይገባል። ፍራሻቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ቆመው ያድራሉ። ባለፈው ሳምንት «ድምፄን እሰጣችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን መጥታችሁ እዩልኝ» ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርኩ? አንተ ፊት ቆሜ «ከፊሉስ?» እባል ነበር። ሄደን ብናይላቸው ቢያንስ ምርጫ መኖሩን ያምኑ ነበር። ያለን ሰው 30 አይሞላም። አንተ ከሰላሳው ቀኝና ግራ ታወጣለህ! ለሰላሳ ሰው ስንት መስመር ያስፈልገዋል? ሌሎቹ መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ነው። ያ ጎረቤቴ ትናንት ቦዩን በአካፋ ሲጠርግ አየሁት። ሊታይ ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጠርጎታል። እኛ የጠረግነው እርስ በርሳችንን ነው።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ስሜቴ አመለጠኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ 9 ቀን ቀርቷል። ጠዋት ያ ልጅ ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ» አለኝ፣ ከቅዳሜ በፊት እንደሚለኝ። የቤቶቹ ዝርዝር የት ነው? ማን የት እንደሚኖር፣ የማን ውሻ ይናከሳል? ዝርዝሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ በፎርም አልሞላሁትም። ቢሆንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ከቦዩ ዳር ካሉት እናት ጀምር አልኩት። «እሳቸው ግን ማጥሪያውን...» ሲል ስልኩን ዘጋሁት።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማጉያዬን ያስመልሱልኝ። ለኔ ብዬ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ሳልነግራቸው ረስቼው ነው እንጂ ባትሪው ደክሟል፤ ጮክ ብለው ሲናገሩበት ይቆራረጣል። ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ የፓርቲውን መስመር እየጮሁበት ነው።

ሰፈር ውስጥ የሚሰማው በከፊል ነው።