እርማት፦ ኮፔርቶ ጉርሻ አይደለም

«በጣሊያን፣ በቶስካና የወይን አገር፣ በኪያንቲ መንደሮች፣ ትራቶሪያዎቹ (ቀለል ያሉት ምግብ ቤቶች) ‹ኮፔርቶ› እያሉ ከቱሪስት ላይ በግድ ጉርሻ (ቲፕ) ይቆርጣሉ» ይባላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ስህተት ነው። ኮፔርቶ ለዳቦውና ለገበታው ዝግጅት በሰው የሚታሰብ ክፍያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዩሮ። የአገሬውም ሰው ይከፍለዋል። መጠኑ በምግብ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ይከራከሩ! የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ‹ሰርቪትዚዮ› ሌላ ነው፣ ጉርሻ ደግሞ በፈቃድ ነው። ሮም ባለችበት በላትዚዮ ክልል ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ኮፔርቶን ከልክሏል። የቶስካናው ዳቦ ጨው የለውም ብለው ካማረሩ፣ እሱ እንኳ እውነት ነው፤ ባህሉ ነው። ግማሽ ሊትር የቤቱን ወይን በጆግ ያዝዙና ይርሱት።