ትራፊክ ከሰሰኝ

መኪናዋ አለች፣ ታርጋዋ የለም።

ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ ነው ያቆምኳት፣ የንግድ ባንክ ረጅም ሕንፃ ጥላው በሚያርፍበት አካባቢ። አርባ ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ የፊት ታርጋዋ በነበረበት ቦታ ሁለት ቀዳዳዎች አፍጠው ያዩኛል። መጀመሪያ ሌባ መሰለኝ። ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞር ልጅ ጠጋ አለና "ጋሼ፣ ትራፊክ ነው የፈታው" አለኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። ቀና ስል መስታወቱ ላይ ወረቀት አለ።

መኪናዋ የእኔ አይደለችም። የእህቴ ባል ናት። ቪትዝ ናት፣ ራይድ ይሠራባታል፣ ለእኔ ብሎ የግማሽ ቀን ሥራውን ትቶ ነው ቁልፉን የሰጠኝ። ይቺን ያዙልኝ።

ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም ያቆምኩት። ሰደርያ የለበሰ የፓርኪንግ ልጅ ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣና "ና ና ና፣ ሙሉ ስበረው፣ መልስ፣ በቃ!" ብሎ አስገብቶኝ፣ ሰዓት የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ዝናብ መጥረጊያው ሥር ሰክቶልኛል። አሁን ቁራጯ ወረቀት አለች፣ ልጁ ግን የለም። ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩት። ማቆም ክልክል ነው የሚል ምልክትም ፈለግኩ። ምልክቱን ቆይቼ አገኘሁት፣ መንገዱ ጥግ ላይ፣ እኔ ከገባሁበት በተቃራኒ በኩል።

የእህቴ ባል ጋ ደወልኩ። "ትራፊክ ከሰሰኝ" አልኩት። "ስንት ነው?" አለኝ።

እዚህች ጋ ቆም አልኩ። ቋንቋችን ይገርማል። ወረቀቱን "ክስ" ነው የምንለው። ትራፊክ ከሰሰኝ፣ ክስ ተጻፈብኝ፣ ክስ ልከፍል ነው። ክስ ከሆነ እንግዲህ ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ተከሳሹም የሚለው ነገር ይኖረዋል። ግን "ከሰሰኝ" ስትል ማንም "ምን አልከው?" ብሎ አይጠይቅህም። "ስንት ነው?" ነው የሚልህ።

ሎንዶን ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የፓርኪንግ ቅጣት ክስ አይባልም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን ከፖሊስ እጅ አውጥተው ለየወረዳው ማዘጋጃ ቤት ሰጡት። ስለዚህ ወንጀል አይደለም፣ መንጃ ፈቃድህ ላይ ነጥብ አይያዝብህም። የሚደርስህ "የቅጣት ክፍያ ማስታወቂያ" ነው፣ የመብራት ቢል ነው የሚመስለው። ይህ ክስ ያልሆነ ወረቀት ግን ተከራካሪ አለው፣ ይግባኝ አለው፣ በመጨረሻም ገለልተኛ ዳኛ አለው።

ገንዘቡ ግን ልብ ያወልቃል። በሎንዶን ወረዳዎች፣ በእነሱው አቆጣጠር ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከባዱ ቅጣት ከ130 ወደ 160 ፓውንድ ወጥቷል። ለአንድ ቅጣት ነው እንግዲህ። በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ ግማሹን ይተውልሃል። ተንኮሏ ያለችው እዚህች ግማሽ ላይ ነው። ቸርነት ትመስላለች፣ ግን ነገሩን አስቡት፦ ልክ ነኝ ብለህ እስከ መጨረሻው ሄደህ ከተሸነፍክ ሙሉውን 160 ትከፍላለህ። ዝም ብለህ አንገትህን ደፍተህ ከከፈልክ 80። እንግዲህ ልክ ነኝ ማለት የ80 ፓውንድ ቁማር ነው። ስንት ሰው፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ፣ ልክ እንደሆንኩ እያወቅኩ ግማሹን ከፍዬ ተኝቻለሁ።

መከራከር ያስተማረኝ ሀበሻ ነው። አንድ ቀን ቢጫ መስመር ላይ አቁሜ እየሮጥኩ ስመለስ ዋርደኑ፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪው፣ እየጻፈ ደረስኩ። ፊቱን ሳየው የአገሬ ልጅ። "ወንድሜ ሙት፣ ሁለት ደቂቃ እኮ ናት" አልኩት በአማርኛ። ደነገጠ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ያለችውን ካሜራ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "ከታተመ በኋላ በእጄ አይደለም ወንድሜ። ግን ምክንያት ካለህ ጻፍ። ሰው አይጽፍም እንጂ ብዙ ጊዜ ይሰማል።" (የዋሽንግተኖቹማ የፓርኪንግ ሥራ ስንት ልጅ እንዳስተማረ የሚያውቅ ያውቀዋል። የመኪና ማቆሚያ ነገር ለእኛ ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው፣ ከሁለቱም ወገን።)

ያን ቀን ምክንያት አልነበረኝም፣ ከፈልኩ። ባለፈው ዓመት ግን ምልክቱን የዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖት ሳለ ተቀጣሁ። ፎቶ አነሳሁ። ባለቤቴ "80ዋን ክፈልና ተገላገል፣ አንተ ደግሞ" አለች። እምቢ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልስ መጣ፣ "አስተያየትዎን በጥንቃቄ ተመልክተነዋል" ይላል። ዛፉ አንድም ቦታ አልተነሣም። ብቻ ቅናሹን ለሌላ 14 ቀን ከፈቱልኝ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ "አሁንም አልመሸም" እንደሚል ሰው። አልገባሁም። ለመኪናው ባለቤት የሚላከው ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፣ በደንቡ ተቃወምኩ፣ ውድቅ አደረጉት፣ ወደ ዳኛው ሄድኩ። ዳኛው ጋ ለመሄድ ሳንቲም አትከፍልም፣ ከቤትህ ሆነህ በኢንተርኔት ትልካለህ። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ማዘጋጃው "አልከራከርም" ብሎ ተወው። በቃ፣ አለቀ። አምስት ወር ገደማ ፈጅቷል። የፈሰሰውን ሰዓት በደሞዜ ባባዛው ከስሬያለሁ። ያን ቀን ግን ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ ቡና እኔ አፈላሁ።

ታዲያ አዲስ አበባ የመጣሁት ይህን ድል ይዤ ነው።

ማታ እህቴ ቤት ነገሩ ለውይይት ቀረበ። እህቴ ቀደመች። "መስቀል አደባባይ ሥር 1,400 መኪና የሚይዝ ፓርኪንግ ተሠርቶ፣ አንተን ትያትር ቤት ጀርባ ምን አስገባህ?" እውነቷን ነው። ያ ከ2013 ጀምሮ አለ፣ እኔ ግን ትዝ አላለኝም። እኔ ያቆምኩት ድሮ በማውቀው አዲስ አበባ ላይ ነው። ድሮ እዚያ ጥግ ላይ አቁመን ትያትር እንገባ ነበር። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የመሀል ከተማው ጠርዝ ሁሉ ተቀይሯል። እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሳይክል መንገድ ገብቷል፣ መኪና ጎማውን ሰቅሎ የሚቆምበት ጥጋጥግ ጠፍቷል። ለእግረኛ እሰየው ነው፣ የምሬን ነው፣ ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግሬ መውረድ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን የፓርኪንግ ልጆቹ ሁሉ ከአዲሱ ካርታ ጋር እኩል የተራመዱ አልመሰለኝም።

ጎረቤት ደግሞ ገባበት። "ሰው የላችሁም እንዴ እዚያ?" አለ። እዚህ አገር የክርክር ማመልከቻ ይህች ጥያቄ ናት። ሰው ካለህ ነገርህ ይሰማል፣ ከሌለህ ትከፍላለህ። እኔ ሰው የለኝም፣ ቢኖረኝም ለአንድ ታርጋ ብዬ ውለታ አልገባም። "እንከራከር" አልኩ። ማስረጃ አለኝ። ቁራጯ ወረቀት አለች፣ የምልክቱ ፎቶ አለ። ለእኔ ገንዘቡ አይደለም ጉዳዩ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቅጣቱ በፓውንድ ሲመነዘር አስር እንኳን አይሞላም።

የእህቴ ባል እስካሁን ዝም ብሏል። "አስር አይሞላም" ስል ቀና አለ። ያፈርኩት ያኔ ነው። ለእኔ ሎንዶን ላይ የሁለት ሰው ማኪያቶ የሆነው ለእሱ የአንድ ቀን ቤንዚን ነው። ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ እንዲህ አለኝ። "ጋሼ፣ አንተ መርሕ አለህ። እኔ ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አለኝ።"

ያም ሆኖ ጠዋት ታርጋው ወዳለበት የትራፊክ ቢሮ እኔ ሄድኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሰልፉም የእኔ ነው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተላኩ፣ አራተኛው ላይ ደረስኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት።

"ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"እስኪታይ ድረስ ታርጋው?"

"እዚህ ይቆያል።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እሱን እንግዲህ የሚያዩት ሰዎች ናቸው የሚያውቁት።"

ከኋላዬ የቆመ የሚኒባስ ሹፌር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ከውጭ ነው የመጣኸው አይደል?" አለኝ። በምን አወቅክ ስለው፣ "ቅሬታ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ መስኮት ላይ አይቼ አላውቅማ!" አለ። ሰው አይናደድም ማለቱ አይደለም። እሱ ራሱ ሰልፉ ላይ ሙሉ ሰዓት ሲናደድ ነበር፣ ያለ ጥፋቱ እንደተከሰሰ ለፊቱም ለኋላውም ሲያስረዳ ነበር፣ እኛ ሁላችን ፈርደንለታል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ስልኩን አውጥቶ "በቴሌብር ነው?" አለ።

ሎንዶን ክርክርን ውድ የሚያደርገው በቅናሽ ነው። እዚህ በታርጋ። ታርጋ የሌላት ቪትዝ ደጅ ቆማ ሰው አታደርስም። ልክ ነኝ ባልኩ ቁጥር የእህቴ ባል አንድ ቀን ይከስራል። ያ ደግሞ በእሱ ስኒ ጠጥቼ እኔ ቡና ጋበዝኩ እንደማለት ነው።

ግን ሰልፉ ላይ ቆሜ ሌላም ነገር ገባኝ። እዚህ አገር ክርክር የለም ማለት ስህተት ነው። አለ፣ ሰዓቱ ነው የሚለየው። ከአምስት ዓመት በፊት ለእረፍት መጥቼ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የማይታጠፍበት ታጥፌ ትራፊኩ አስቆመኝ። ወረዳ ከሚያክል ሰው ፊት ነው የተከራከርነው። "ይቅርታ ወንድሜ፣ አገሩ ተቀይሮብኝ ነው፣ ማርያምን!" አልኩት። መንገደኛው "ተወው እንጂ፣ እንግዳ ነው" ብሎ ገባበት። ሰውዬው ፊቱን እንዳኮሳተረ ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ "ሁለተኛ እንዳትደግም" ብሎ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ጠበቃ፣ ዳኛ፣ ሁሉም በሦስት ደቂቃ። ሎንዶን ይህ የለም። እዚያ ሰውዬውን ብትለምነው ካሜራውን ነው የሚያሳይህ፣ የአገርህ ልጅም ቢሆን።

እዚህ ክርክሩ ከመጻፉ በፊት ነው፣ እዚያ ከተጻፈ በኋላ። ከተጻፈ በኋላ እዚህ ሁሉም ዝም ይላል። እኔ በዚያ አርባ ደቂቃ መኪናዋ አጠገብ አለመኖሬ ከችሎት እንደመቅረት ነበር። በሌለሁበት ተፈርዶብኛል። ይህ ለእንደኔ ዓይነቱ ልመና ለሚችል፣ ፊት ላለው፣ "እንግዳ ነው" ለሚባል ሰው ይመቻል። ልመና ለማይሆንለት፣ ወይ የትራፊኩ ቀን ለከፋበት ሰው ግን አይመቸውም። ለእሱ የሚሻለው ያ አሰልቺ የሎንዶን ደብዳቤ ነው፣ ፊትህን ሳያይ ዛፉን የሚያይ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ዛፉንም አላየም፣ ልክ ነው፣ ግን ሦስተኛው ያያል።

ከፈልኩ። የእህቴ ባል አስቀድሞ ልኮልኝ የነበረውን ብር መለስኩለት፣ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ደረሰኙ ላይ ግን የወጣው የእሱ ስም ነው፣ እሱን ማስቀየር አልቻልኩም። ልጅቷ ከተደረደሩት መሀል ፈልጋ ታርጋውን አመጣችልኝ። እንዴት ያለ ክምር ነው! ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ "ምልክት አላየሁም" ብሎ ይሆናል።

ደጅ ወጥቼ ታርጋውን ልገጥም ስል ብሎኖቹ የሉም። ለእነሱ ደረሰኝ የለም። መንገድ ተሻግሬ ከአንድ ሱቅ ሁለት ብሎን ገዛሁ፣ መፍቻ ግን አላሰብኩም። ኪሴን ስዳብስ የአንድ ብር ሳንቲም አገኘሁ። ምንም የማይገዛ ብር ነው አሁን። የብሎኑ ጭንቅላት ውስጥ ልክ ገባ። ተንበርክኬ እያጠበቅኩ ሳለሁ ስልኬ ጠራ፣ የእህቴ ባል ነው።

"ሰጡህ?"

"ሰጡኝ።"

"በደንብ አጥብቀው" አለኝ።